ሸራ ከመግዛትዎ በፊት ፔዳሉን ይጠይቁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ የሚጠይቁት ስለ ፍሬን ነው፤ ያውም ለትራፊክ ዝግ በሆነ ሜዳ ወይም በውድድር ትራክ ላይ በሙሉ ፍጥነት ስለሚነዳ መኪና ፍሬን። የመጀመሪያውን ደብዳቤ በሰፊው እመልሳለሁ፤ የቀሩት ሦስቱ ከዚያ የሚቀጥሉ ናቸውና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ሲሆን ለሥራ የምኖረው ዱባይ ነው። መኪናዬ የ2013 ሞዴል ቶዮታ 86 ናት። ዱባይ አውቶድሮም የግል ባለመኪኖች ከፍለው በሚነዱበት ቀን ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ፍሬኑ እንደ ልቤ ያዘልኝ። በአራተኛው ዙር፣ በቀጥታው መንገድ መጨረሻ ላይ ስረግጠው ግን ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘልኝና መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጥታ ቆመች። ግማሽ ሰዓት ካረፈች በኋላ ፍሬኑ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተመለሰ። የጠየቅኳቸው ሁሉ ባለ ስድስት ፒስተን ካሊፐርና ትልልቅ ዲስክ ግዛ ይሉኛል፤ ዋጋው ደግሞ የመኪናዋን ሲሶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ልግዛ? አንባቢዎ፣ ከዱባይ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን በደህና ወጡ። ትልቁን ካሊፐር (በፒስተኖቹ እየገፋ የፍሬን ሸራዎቹን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚያጣብቀውን ክፍል) አሁን አይግዙ። ይህን በድፍረት የምለው ደብዳቤዎ ራሱ የበሽታውን ስም ስለተናገረ ነው። ፔዳሉ ያለ ተቃውሞ ወለል ድረስ መውረዱና ከእረፍት በኋላ ተመልሶ ደህና መሆኑ የፍሬን ዘይት መፍላት ምልክት ነው፤ የካሊፐር ማነስ ምልክት አይደለም።

ፍሬን በሙቀት ሲሸነፍ በእግር ላይ የሚሰማው ነገር እንደ ጥፋቱ ይለያያል፤ ይህን መለየት የቻለ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አያፈስም። ዘይቱ ሲፈላ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ የእግርዎ ኃይል እንፋሎቱን በመጭመቅ ያልቅና ፒስተኑን ሳይገፋ ይቀራል። ሸራው ሲቃጠል ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ፔዳሉ እንደ ወትሮው ከፍ ብሎና ጠንክሮ ይቆያል፣ በሙሉ ኃይልዎ ይረግጡታል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ሦስተኛም አለ፤ ከጠንካራ ኩርባ ከወጡ በኋላ የመጀመሪያው እርግጫ ረጅም ሆኖ ሁለተኛው ደህና ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ከጎማው ኩሽኔታ ላይ ነው። ያረጀ ኩሽኔታ ዲስኩን በኩርባ ላይ እያዋለለ ሸራዎቹንና ፒስተኖቹን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። በዚህ ምክንያት ሸራ ሲለዋውጡ የሚኖሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ኩሽኔታው ሲቀየር ፍሬናቸው ዳነ።

አሁን ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። መኪናዎ ከነአሽከርካሪው ወደ 1,350 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ቆይታ ወደ 80 ስትወርድ የሚጠፋው የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ያን ድስት ምድጃ ላይ ጥዶ ለማፍላት ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ያውቃሉ፤ ፍሬንዎ ግን ይህን ሁሉ ሙቀት የሚቀበለው ከሦስት እስከ አራት ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ከዚያም ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ በሁለቱ የፊት ዲስኮች ላይ ያርፋል። ከተማ ውስጥ ከ60 ኪሎ ሜትር ተነሥቶ መቆም ከዚህ ሰባት ጊዜ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው፤ ከአንዱ እርግጫ እስከሚቀጥለው ድረስም ዲስኩ የሚተነፍስበት ጊዜ ያገኛል። በትራክ ላይ ግን ዲስኩ ሳይበርድ ቀጣዩ ኩርባ ይደርሳል፤ በየዙሩ የተረፈው ሙቀት እየተደራረበ በሸራው ጀርባ በኩል ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑ ወደ ዘይቱ ይሻገራል። ሦስት ዙር ደህና ሆኖ አራተኛው ላይ የከዳዎት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ውሃ ይጠጣል፤ እርጥበት በጎማ ቱቦዎቹና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል ከአየር ቀስ እያለ ይገባዋል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ እንደ ዱባይ ያለ ከተማ ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። የፍሬን ዘይቶችን በደረጃ በሚከፍለው የዶት መመዘኛ መሠረት ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 3 ከዚህም ያንሳል፤ አዲሱ 205፣ ውሃ የጠጣው 140 ዲግሪ ነው። ለትራክ ተብለው የሚሠሩት ዘይቶች ከዚህ በብዙ ይርቃሉ፤ ለምሳሌ ሞቱል አርቢኤፍ 600 አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ 312 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለውን ዘይት በአራቱም ጎማዎች አሮጌው ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ ያስሞሉ፤ ከእያንዳንዱ የትራክ ቀን በፊትም አየር ያስወጡ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይቀይሩት። ዶት 5 የሚባለው ዘይት ግን ሲሊኮን ስለሆነ ስሙ ከዶት 5.1 ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ለእርስዎ መኪናም አይሆንም።

እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ልንገርዎ። አዳማ ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት ከአገር ውጭ በአንድ ጋራዥ ተቀጥሬ ስሠራ፣ የአንድ ደንበኛ መኪና የፍሬን ዘይት ቀየርኩ። ዘይቱ ጥሩ ስም ያለው ነበር፤ ጠርሙሱ ግን መደርደሪያ ላይ ከተከፈተ የቆየ መሆኑን አልጠየቅኩም፣ የሰጠኝም ሰው አልነገረኝም። ሰውዬው በዚያው ሳምንት ትራክ ወጣና በሁለተኛው ዙር ፔዳሉ ወረደበት። መኪናው ሲመለስ ከፊት ካሊፐር የቀዳሁትን ዘይት በብርጭቆ ይዤ ብርሃን ላይ አየሁት፤ ከሳምንት በፊት ያስገባሁት ዘይት የቆየ የቡና አተላ መስሎ ነበር፤ ፒስተኑን የሚከልለው የጎማ ሽፋንም እንደ ተቃጠለ ወረቀት በእጄ ላይ ተፈረፈረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሸጊያው በዓይኔ ፊት ያልተከፈተ ዘይት በማንም መኪና ውስጥ አፍስሼ አላውቅም። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ ትንሽ ጠርሙስ ይግዙ፣ የተረፈውን ለትራክ አያስቀምጡት።

ሁለተኛው ወጪ ሸራ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ሸራ የተሠራው ጠዋት በብርድ እንዲይዝ፣ እንዳይጮህና ቸርኬ እንዳያቆሽሽ ነው፤ ከ350 ወይም ከ400 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን በውስጡ ያለው ማጣበቂያ ሙጫ መቃጠል ይጀምራል፤ ከሙጫው የሚወጣውም ጋዝ በሸራውና በዲስኩ መካከል ገብቶ ያንሸራትታል። ሸራዎን ፈትተው ይመልከቱት። ጠርዙ ነጣ ብሎ አመድ ከመሰለ፣ መካከሉ ከተሰነጠቀና በጥፍር ሲነካ ከተፈረፈረ፣ ዘይቱ ባይፈላ ኖሮ በሚቀጥለው ዙር ሸራው ይከዳዎት ነበር ማለት ነው። መኪናዋን የሚነዱት በመንገድ ጎማ ከሆነ፣ ከቀዝቃዛ ጀምሮ እስከ 500 ዲግሪ ገደማ የሚሠራ ሸራ ይበቃዎታል፤ ፌሮዶ ዲኤስ 2500 በዚህ መደብ ውስጥ ያለ የታወቀ ሸራ ነው። ፍጥነትዎ እያደገ ሄዶ ለትራክ የተሠሩ ጎማዎች ከጫኑ ግን እስከ 650 ወይም 700 ዲግሪ የሚደርስ ሸራ ያስፈልግዎታል።

የትኛው መደብ እንደሚገባዎት በግምት ከመወሰን ይልቅ ዲስኩን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። በዲስኩ የውጭ ጠርዝ ላይ የሚቀቡ ሙቀት ለኪ ቀለሞች አሉ፤ አረንጓዴው በ430፣ ብርቱካናማው በ560፣ ቀዩ በ610 ዲግሪ መልካቸውን ይለውጣሉ። ሦስቱን በመስመር ቀብተው አንድ ክፍለ ጊዜ ይንዱ፤ አረንጓዴው ብቻ ከተለወጠ መካከለኛው ሸራ ይበቃል፣ ቀዩም ከተለወጠ ግን ወይ ከፍ ያለ ሸራ ወይ ተጨማሪ አየር ያሻል። አየር ስል ከፊት መከላከያው ተነሥቶ ወደ ዲስኩ መካከል የሚሄድ ቱቦ ማለቴ ነው፤ በኪሎ ግራምም ሆነ በብር ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ይህ ነው። ቱቦው መንፋት ያለበት ወደ ዲስኩ ውስጠኛ ክፍተት ነው፤ በአንድ ፊቱ ላይ ብቻ ከነፋ ሁለቱ ፊቶች እኩል አይበርዱም፣ ዲስኩም ይሰነጠቃል።

ትልቁ ካሊፐርና ዲስክ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሻጮች የማይነግሩዎትን ልንገርዎ፤ መኪናን የሚያቆመው ጎማ ነው። አሁን ያለዎት ፍሬን ኤቢኤሱን (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ሥርዓት) የሚያሠራ ከሆነ፣ ማለትም ጎማውን እስከ መቆለፍ ድረስ መያዝ ከቻለ፣ ባለ ስድስት ፒስተኑ በአንድ እርግጫ የሚያሳጥርልዎት ርቀት የለም። የትልቅ ዲስክ ጥቅም ብዙ ብረት መሆኑ ነው፤ ብዙ ብረት ብዙ ሙቀት ይሸከማል፣ ሙቀቱንም ለአየር የሚሰጥበት ሰፊ ገጽ ይኖረዋል። የእርስዎ 86 ቀላል መኪና ናት፤ 294 ሚሊ ሜትር የሆነው የፊት ዲስኳ በጥሩ ዘይትና በጥሩ ሸራ ለጀማሪና ለመካከለኛ ነጂ ብዙ ዓመት ያገለግላል። አንድ ቶን ተኩል አልፎ ብዙ ጉልበት ያለው መኪና ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ለካሊፐሩ ያሰቡትን ገንዘብ ለዘይት፣ ለሸራና ለጎማ፣ የቀረውን ለአሠልጣኝ ይክፈሉበት። በቀጥታው መጨረሻ ላይ ፍሬንን ቀደም ብሎ በስሱ ይዞ ከማቆየት ይልቅ ዘግየት ብሎ በኃይል ረግጦ ቶሎ መልቀቅ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ የሚሻገርበትን ጊዜ እንደሚያሳጥረው አሠልጣኙ በአንድ ቀን ያሳይዎታል።

ጥያቄ፦ አዳማ ነው የምኖረው፤ ባለ ቱርቦ ሱባሩ ኢምፕሬዛ አለኝ። ከጓደኞቼ ጋር ፈቃድ አውጥተን በተዘጋ ሜዳ ላይ ሰዓት እየያዝን እንነዳለን፤ ሰኞ ደግሞ በዚያው መኪና ለሥራ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመዴ ትክክለኛ የውድድር ሸራ ሊያመጣልኝ ይችላል። ላስመጣ? ደግሞ እዚህ ገበያ ላይ ባሉት ሸራዎች ጎን የሚታተሙት ፊደላት ምን ማለት ናቸው?

መልስ፦ የውድድር ሸራ አያስመጡ። ምክንያቱ ዋጋው አይደለም። ለውድድር ብቻ የተሠራ ሸራ በሚገባ መያዝ የሚጀምረው 150 ወይም 200 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ከግቢዎ ወጥተው ገና የመጀመሪያው አደባባይ ላይ ባጃጅ ሲገባብዎት ግን ሸራው የሌሊቱን ብርድ እንደያዘ ነው። በትራክ ላይ ጀግና የነበረው ሸራ በዚያች ቅጽበት እንደ እንጨት ይሆንብዎታል። በዚያ ላይ ዲስክ ይበላል፣ ይጮኻል፤ ከሱ የሚረግፈው ብረታማ ብናኝ በእርጥበት ዝጎ የቸርኬውን ቀለም ያበላሸዋል። ለእርስዎ የሚሆነው ለዱባዩ አንባቢ ከጠቆምኩት መካከለኛው መደብ ነው። ዘመድዎ የሚያመጡልዎት ከሆነ የፊቱንም የኋላውንም ከአንድ አምራች ያስመጡ። የኋላው ከፊቱ የበለጠ የሚነክስ ከሆነ በኩርባ መግቢያ ላይ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፉና መኪናዋ ትዞራለች፤ የፊቱን ብቻ ማጠንከር በአንጻሩ የማቆሚያ ርቀትን በመጠኑ ቢያባክንም እንዲህ ያለ አደጋ የለውም።

ፊደላቱን በተመለከተ፣ በሸራው ጎን ወይም በጀርባው ብረት ላይ ከቁጥሮቹ መጨረሻ የሚገኙት ሁለት የላቲን ፊደላት የመያዝ ኃይሉን ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ያለውን ነው። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ደግሞ ከ0.45 እስከ 0.55 የሆነ የሰበቃ መጠን ያመለክታሉ። ኤፍ ተብሎ ኢ የሚከተለው ሸራ ሲሞቅ የሚደክም ነውና ለሜዳ አይሁን፤ ሁለት ኤፍ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጉ። ይሁንና ፊደሎቹ የሚለኩት ከትራክ ሙቀት በታች በሆነ ፈተና ስለሆነ፣ ሁለት ጂ የተጻፈበት ሁሉ ለትራክ ይሆናል ብለው አይደምድሙ፤ የአምራቹን የሙቀት ወሰን ጨምረው ያንብቡ። ፊደል የሌለው፣ የአምራች ቁጥር የሌለው፣ ማሸጊያው ብቻ ያማረ ሸራ ለታክሲም አልመክርም። ጀርባው ብረት ላይ የተጣበቀበትን ጠርዝ በእጅዎ ይዳስሱት፤ ክፍተት ወይም ስንጥቅ ካለው ይመልሱት።

ከባሕር ጠረፍ አንባቢዎች ይልቅ እኛ አዳማዎች ልናስታውሰው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ስስ ነው፣ ግፊቱም በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ይህ ፍሬንን በሦስት መንገድ ይነካል። ዲስክን የሚያበርደው አየር ስለሚሳሳ ዲስኩ ቀስ ብሎ ይበርዳል። የእግርዎን ኃይል የሚያግዘው የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ስለሆነ እገዛው ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ከባድ ቢመስልዎ ወዲያው ሸራውን አይክሰሱ። ሦስተኛው መፍላት ነው፤ ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ አዳማ ላይ 95 ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ የፍሬን ዘይትም ከዚህ ሕግ አይወጣም። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነውና እኛ ጥቂት ዝቅ አድርገን ማንበብ አለብን። ለዚህ ነው ለሜዳ የሚወጣ የአዳማ መኪና ሁሉ፣ ሸራው የፋብሪካ ቢሆን እንኳ፣ ዘይቱ ከዶት 4 ዝቅ እንዳይል የምወተውተው።

አዲስ ሸራ ሲገባ መለማመድ አለበት፤ ሳይለማመድ ሜዳ የወጣ ሸራ በመጀመሪያው ሰዓት ይበላሻል። ከ100 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በጠንካራ ግን ኤቢኤስ በማያሠራ እርግጫ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ያውርዱት፤ በመካከሉ ፈጽሞ አይቁሙ፣ ከዚያም ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ያብርዱት። በዚህ ጊዜ ከሸራው ላይ ስስ ሽፋን ተነሥቶ በዲስኩ ላይ እኩል ይለጠፋል፤ የጥሩ ፍሬን አያያዝ የሚመጣው ከዚያ ሽፋን ነው። ይህን ግን አዳማን ከአዲስ አበባ በሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ ላይ እንዳይሞክሩት አደራ እላለሁ። ከኋላዎ ጭነት ይዞ የሚመጣው ከባድ መኪና እርስዎ ያለ ምክንያት ከ100 ወደ 20 እንደሚወርዱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በተዘጋው ሜዳ ላይ፣ ሰዓት መያዝ ከመጀመራችሁ በፊት፣ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ለዚህ ይስጡት።

በተጨማሪም፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እንደ እርስዎ ያለችው መኪና ምትክ በቀላሉ አይገኝላትም። ዲስክ የማይበላ ሸራ መምረጥ የነገ መለዋወጫን ማቆየትም ነው።

ጥያቄ፦ እኔ መካኒክ ነኝ። በሜዳ የሚነዳ አንድ ደንበኛዬ ፍሬን ሲይዝ መሪው ይንቀጠቀጥበታል። ዲስኩ ተጣሟል ብለን ሁለት ጊዜ ቶርኖ ቤት አስገብተን አስፋቅነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና መጣ። የተበሳሳ ዲስክ ብንገዛለት ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዲስኩ መጣመሙን በመለኪያ አረጋግጠሃል? ተጣመመ የሚባለው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ያልተጣመመ ነው፤ በላዩ ላይ የተለጠፈው የሸራ ሽፋን እኩል ስላልሆነ ነው የሚያንቀጠቅጠው። ይህ የሚመጣው ነጂው ፍሬኑ እንደጋለ ቆሞ ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ነው፤ የጋለው ሸራ በነካው ቦታ ላይ እንደ ማኅተም ይታተማል። ዲስኩን በብርሃን ላይ አዙረህ ብታየው የሸራውን ቅርጽ የያዘ ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ጥላ ታገኛለህ። ያ ቦታ በሙቀት ጠንክሯልና ቶርኖው ላዩን ቢያነሣውም ሥሩ ይቀራል፣ ችግሩም ይመለሳል። በየጊዜው ሲፋቅ ደግሞ ዲስኩ ይሳሳል፤ በመካከለኛው ቆብ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት ከነካ ወዲያ መጠቀም አይፈቀድም፣ ለሜዳ ደግሞ ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ሲቀረው እንዲለወጥ አድርግ። በመለኪያ ሲታይ ቀጥ ያለ ከሆነና ጥላው ጥልቀት ከሌለው፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተህ ሸራውን እንደ አዲስ አለማምደው። ዲስኩን ከመግጠምህ በፊትም የሚቀመጥበትን ፊት ከዝገት አጥራው፤ በዚያ ላይ የቀረች ትንሽ የዝገት ቅርፊት በዲስኩ ጠርዝ ላይ ብዙ እጥፍ ሆና ትታያለች።

የተበሳሳውን አልመክርም። ቀዳዳዎቹ መልክ አላቸው፤ በተደጋጋሚ ሙቀትና ብርድ ውስጥ ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው፣ የተቆረጠውም ብረት ሙቀት ይሸከም የነበረ ብረት ነው። ለሜዳ የሚሻለው ፊቱ ሙሉ የሆነ ወይም ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ብቻ ያሉት፣ መካከሉ አየር የሚያሳልፍ ዲስክ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፍልዎት። የፊት ሸራዬ አዲስ ሳለ 11 ሚሊ ሜትር የነበረው አሁን አምስት ቀርቶታል። መካኒኬ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ድረስ ይሠራል ይለኛል። ለመጪው የሜዳ ቀን ይበቃኛል? ከዙር ስወጣስ ማድረግ ያለብኝ ጥንቃቄ ምንድን ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መካኒክሽ ስለ ከተማ መንገድ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ለሜዳ ግን አይበቃሽም። ሸራ ከመያዝ ሌላ ሙቀትን ከፒስተኑ የሚከልል ግድግዳም ነው፤ ግማሹ ካለቀ ግድግዳው ስለሳሳ ያው ሙቀት ፈጥኖ ወደ ዘይቱ ይደርሳል። በአንድ የሜዳ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ማለቁም የተለመደ ነው። አዲስ ሸራ አስገቢ፤ አምስት ሚሊ ሜትሩን አስቀምጪውና በኋላ ለከተማ ተጠቀሚበት፣ የግራውንና የቀኙን ቦታ ግን ጽፈሽ አቆይ።

ከዙር ስትወጪ የመጨረሻዋን ዙር ፍሬን ሳትነኪ፣ በማርሽ ብቻ እያዘገምሽ ጨርሺያት። መኪናዋን ስታቆሚ የእጅ ፍሬን አትሳቢ፣ ፔዳሉንም ረግጠሽ አትያዢ፤ የጋለ ሸራ በቆመበት ይታተማል ያልኩት እዚህም ይሠራል። ጎማው ሥር ታኮ አስገቢና በማርሽ ተይዛ ትቁም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መኪናዋን ግማሽ ሜትር ያህል ወደፊት ገፋ አድርጊያት፤ ሸራው የሸፈነው የዲስክ ክፍል ከሌላው እኩል ይበርዳል። ቸርኬውን በእጅሽ አትንኪ፤ ሲበርድ ብቻ ቀርበሽ የቸርኬ ቡሎኖቹን በቁልፍ አጥብቀሽ ፈትሺ።